የመርከቧ ስም ድንገት ቢቀየር ልጄ ተጭበረበረ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «ልጄ በሜካኒካል ምህንድስና ከተመረቀ በኋላ ባቦጋያ ገብቶ የባሕር ሥልጠናውን ጨርሷል። አሁን በኤጀንሲ በኩል ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ፣ በሞተር ክፍል ተለማማጅነት ተመድቧል። በመጣለት ወረቀት ላይ ኤም/ቲ ብሎ የመርከቧ ስም ተጽፏል። ከሥሩ ባንዲራ ማርሻል አይላንድስ፣ ክላስ ዲኤንቪ፣ ዓይነት አፍራማክስ ይላል። ባለቤቱ የግሪክ ኩባንያ ነው ተብሏል። ሊሄድ ሲዘጋጅ የመርከቧ ስም ተቀይሯል ብለው ሌላ ስም ላኩለት። አዲሱን ስም ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ በዚያው ስም የሚጠሩ ሌሎች መርከቦች አገኘሁ። እናቱ እንቅልፍ አጥታለች። የመርከብ ስም እንዴት ይቀየራል? ማንስ ነው የሚያወጣው? ክላስ የሚሉት ምንድን ነው? ልጄ ተጭበረበረ ይሆን?»

መልስ፦ ጋሼ፣ በመጀመሪያ ለባለቤትዎ ይህን ይንገሩልኝ። የስም መቀየር ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። የንግድ መርከብ በዕድሜዋ ሁለት ሦስት ስም መያዟ የተለመደ ነው። ስትሸጥ አዲሱ ባለቤት የራሱን ስም ይሰጣታል። የኪራይ ውሏ ሲያልቅ የተከራዩ ስም ይነሳላታል። ባለቤቷ ሳይለወጥም ኩባንያው የሁሉንም መርከቦቹን አሰያየም ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ «ስሟ ለምን ተቀየረ?» ብሎ መጠየቁ ደግ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን «ቁጥሯ ያው ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መልሴ ረዘም ይላል። ልጅዎ ወራት የሚኖርበትና የሚሠራበት ቦታ ጉዳይ ነውና አብራርቼ ልጻፍልዎ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መኪና ታርጋም ሻንሲ ቁጥርም አለው። ታርጋው ተፈትቶ ሌላ ይታሰርለታል፤ ሻንሲ ቁጥሩ ግን ብረቱ ላይ የተመታ ነው። የመርከብ ስም እንደ ታርጋው ነው። እንደ ሻንሲ ቁጥር የሚያገለግለው ደግሞ «አይኤምኦ ቁጥር» የሚባለው ነው። አይኤምኦ ለንደን ውስጥ የሚገኝ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ድርጅት ነው። ቁጥሩ 7 አሃዝ አለው። አሠራሩ በ1987 ጸደቀ፤ ከጥር 1996 ጀምሮ ግዴታ ሆነ። በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያለች፣ ግሮስ ቶኗ (የውስጥ ስፋቷ ስሌት) 300 እና ከዚያ በላይ የሆነ የጭነት መርከብ ሁሉ ሊኖራት ይገባል። ለመንገደኛ መርከብ ደግሞ ከ100 ይጀምራል። መርከቧ ተሸጣም፣ ባንዲራ ቀይራም፣ ስሟ ተፍቆም ቁጥሯ አይለወጥም። ተቆራርጣ ለብረት ብትሸጥ እንኳ ቁጥሯ ለሌላ መርከብ አይሰጥም።

ይህ ቁጥር በቀለም ብቻ አይጻፍም። ከ2004 ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ በአካሏ ላይ በቋሚነት መቀረጽ አለበት። አንዳንዱ በብየዳ ከፍ ተደርጎ ይጻፋል፣ አንዳንዱ ብረቱ ተቆርጦ፣ ሌላው በፖንሶ ተመትቶ። ከውጭ የሚታየው ቁመቱ ከ20 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ብዙ ጊዜ በኋላዋ በኩል፣ ከስሟ አጠገብ ወይም በታች ያዩታል። ውስጥም ይደገማል። ልጅዎ ታንከር ላይ ስለሚሠራ በፓምፕ ክፍሉ ወይም በሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያገኘዋል።

እስከ ዛሬ ከተሠሩት ሁሉ ረጅሟን መርከብ ልንገርዎ። በጃፓን በ1979 የተጠናቀቀች ነዳጅ ጫኝ ነበረች። ርዝመቷ 458 ሜትር፣ የመጫን አቅሟ ከ564 ሺህ ቶን በላይ። መጀመሪያ ሲዋይዝ ጃይንት ተባለች። በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ጊዜ፣ በ1988፣ በቦምብ ተመትታ ተቃጠለች። ከዚያ ተገዝታ ተጠግና ሃፒ ጃይንት ሆነች። በ1991 ያሬ ቫይኪንግ ተባለች። በ2004 ኖክ ኔቪስ ሆና ካታር አጠገብ የነዳጅ ማከማቻነት ሥራ ጀመረች። ለመቆራረጥ ወደ ሕንድ፣ ወደ አላንግ፣ የመጨረሻ ጉዞዋን ስታደርግ ስሟ ሞንት ነበር። አምስት ስም ማለት ነው። ቁጥሯ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 7381154 ነበር።

እርሳስና ወረቀት ካለዎት በዚሁ ቁጥር አንድ ነገር ላሳይዎት። የመጀመሪያዎቹን ስድስት አሃዞች በተራ በ7፣ በ6፣ በ5፣ በ4፣ በ3 እና በ2 ያባዙ። 7 በ7 ሲባዛ 49፤ 3 በ6፣ 18፤ 8 በ5፣ 40፤ 1 በ4፣ 4፤ 1 በ3፣ 3፤ 5 በ2፣ 10። ሲደመር 124 ይመጣል። የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ 4 ነው። የመርከቧ ቁጥር የመጨረሻ አሃዝም 4 ነው። የማንኛዋም መርከብ ቁጥር እንዲህ መግጠም አለበት። በልጅዎ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር እንዲሁ ይሥሩት። ካልገጠመ ወይ በስህተት ተጽፏል፣ ወይ ከኪስ የወጣ ቁጥር ነው። ቢገጥም ግን ገና አላለቀም፤ የሌላ መርከብ ትክክለኛ ቁጥር ተወስዶ ሊሆን ይችላል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ስሙ ልሂድ። ስም የሚያወጣው ባለቤቱ ነው። የሚያጸድቀው ደግሞ መርከቧ የተመዘገበችበት አገር፣ ማለትም ባንዲራዋን የምታውለበልብለት መንግሥት ነው። መዝገብ ያዡ የሚያየው ጥቂት ነገር ነው። ዋናው በራሱ መዝገብ ውስጥ በዚያው ስም ሌላ መርከብ አለመኖሯ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ለምሳሌ ከጭንቀት ጊዜ የሬዲዮ ጥሪ ጋር ሊምታታ የሚችል ስም አይፈቀድም። ሰውን የሚያስቀይም ስምም አይመዘገብም። ነገር ግን የማርሻል አይላንድስ መዝገብ በላይቤሪያ ወይም በፓናማ መዝገብ ላይ አያዝም። ለዚህ ነው በአንድ ስም ብዙ መርከብ ያገኙት። ሦስት መሐመድ በሦስት ቀበሌ ቢኖር ማንም አይደነግጥም። መርከብን በስሟ ብቻ መፈለግ ሁልጊዜ እንዲህ ያምታታል።

የአሰያየሙን ልማድ ካወቁት ከስሙ ብዙ ነገር ማንበብ ይቻላል። የታይዋኑ ኤቨርግሪን መርከቦቹን «ኤቨር» ብሎ ይጀምራል። ኤቨር ጊቭን፣ ኤቨር ጎልደን፣ ኤቨር ግሎብ፣ ኤቨር ጊፍትድ የአንድ ንድፍ እህትማማቾች ናቸው፤ ሁለተኛው ቃል በአንድ ፊደል መጀመሩን ልብ ይበሉ። የዴንማርኩ ሜርስክ በብዙ መርከቦቹ ላይ የቤተሰቡን ስም በመጨረሻ ያስገባል። ኤምኤስሲ የሚባለው የመርከብ ኩባንያ ብዙ መርከቦቹን በሴቶች ስም ይጠራል። የእኛው አገር መርከቦች ደግሞ የወንዝና የከተማ ስም ይዘዋል፦ ጊቤ፣ ሸበሌ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ ሰመራ፣ መቀሌ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ ፊንፊኔ። ቻይና ውስጥ ከተሠሩልን ዘጠኝ መርከቦች ሁለቱ ነዳጅ ጫኞች ሐዋሳና ባሕር ዳር ተባሉ። እኔ ይህን አሰያየም እወደዋለሁ። ሻንጋይ ወደብ ላይ «ጅግጅጋ» የሚል ጽሑፍ ማየት ደስ ይላል።

ሕዝብ ስም እንዲያወጣ የተጠየቀበት ጊዜም አለ። በ2016 አንድ የእንግሊዝ የምርምር ተቋም ለአዲስ የዋልታ መርከቡ ስም በኢንተርኔት አስመረጠ። ሕዝቡ «ቦቲ ማክቦትፌስ» የሚል የቀልድ ስም በከፍተኛ ድምፅ መረጠ። ባለሥልጣናቱ ግን መርከቧን ሰር ዴቪድ አተንቦሮ ብለው ሰየሟት፤ የተመረጠውን ስም ለሰው አልባ ሰርጓጅ መሣሪያዋ ሰጡ። የመጨረሻው ቃል የባለቤቱ ነው የምልዎት ለዚህ ነው።

ከስሙ ፊት ያሉት ፊደላት የስሙ አካል አይደሉም። ኤም/ቲ በሞተር የምትሄድ ታንከር ማለት ነው። ኤም/ቪ በሞተር የምትሄድ መርከብ ናት፤ በዘመነ እንፋሎት ኤስ/ኤስ ይባል ነበር። ዩኤስኤስ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነው። ወረቀቱ ላይ ኤም/ቲ መባሉ ነዳጅ ጫኝ ናት ከተባለው ጋር ይገጥማል።

ሰው ብዙ የሚሳሳትበት ሌላም ነገር አለ። በመርከብ ጎን ላይ በትልቁ የተጻፈው ቃል ስሟ ላይሆን ይችላል። በመጋቢት 2021 ሱዌዝ ካናልን ስድስት ቀን የዘጋችውን መርከብ ያስታውሳሉ። ጎኗ ላይ «ኤቨርግሪን» ይላል። ያ የሚያሠራት ኩባንያ ስም ነው። የእሷ ስም ኤቨር ጊቭን ነው፤ ግንባሯ ላይ ግራና ቀኝ፣ ደግሞም በኋላዋ በኩል ተጽፏል። ባለቤቷ የጃፓን ኩባንያ፣ የሚያሠራት የታይዋን፣ የቴክኒክ አስተዳደሯ የጀርመን፣ ባንዲራዋ የፓናማ፣ ሠራተኞቿ ሕንዶች፣ የክላስ ማኅበሯ (ጤንነቷን የሚመረምረው ድርጅት) የአሜሪካ ነበር። ስለዚህ ልጅዎ ግሪክ ባለቤት፣ ማርሻል አይላንድስ ባንዲራ፣ የኖርዌይ ክላስ ሲሰጠው አይደንግጡ። በዚህ ሥራ ያለው ቅጥ ይህ ነው። ፓናማ፣ ላይቤሪያና ማርሻል አይላንድስ በቶን ሲቆጠር የዓለምን ትልቁን መዝገብ የያዙ ሦስት አገሮች ናቸው።

ከስሟ ሥር፣ በኋላዋ፣ የመዝገብ ወደቧ ይጻፋል። በማርሻል አይላንድስ ባንዲራ ከሆነች «ማጁሮ» ይላል። መርከቧ ማጁሮን በዕድሜዋ አይታው ላታውቅ ትችላለች። የእኛ መርከቦች ኋላቸው ላይ «አዲስ አበባ» ይላል። ባሕር የሌላት ከተማ የመርከብ ወደብ ተብላ ስትጻፍ የሚገርመው ሰው ብዙ ነው። ሕጉ ግን ግልጽ ነው። በ1921 ባርሴሎና ላይ በወጣው መግለጫ የባሕር በር የሌላቸው አገሮች ባንዲራ በባሕር ላይ እውቅና አገኘ። የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነትም በአንቀጽ 90 ማንኛውም አገር፣ ባሕር ቢኖረውም ባይኖረውም፣ በባንዲራው መርከብ የማሰማራት መብት አለው ይላል። የስዊዘርላንድ መርከቦች «ባዝል» ብለው ይሄዳሉ፣ የሞንጎሊያዎቹ «ኡላንባታር» ብለው። ወደብ ማጣትና መርከብ ማጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ አገራችን ውስጥ በሚደረገው ክርክር ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሳይ ያሳዝነኛል።

ስም ሲቀየር በተግባር ምን ይሆናል? ባለቤቱ ለባንዲራው አገር ያመለክታል። የምዝገባ ሰርተፊኬት፣ የሬዲዮ ፈቃድ፣ ዝቅተኛ የሠራተኛ ቁጥር ሰነድ ሁሉ በአዲሱ ስም ይወጣል። የክላስ ማኅበሩም ሰርተፊኬቶቹን ያድሳል። ከዚያ የመርከቧ ሠራተኞች ቀለምና ብሩሽ ይዘው ይወጣሉ። ግንባሯ ላይ ያለው ስም ብዙ ጊዜ በብየዳ መስመር የተከበበ ነው። ቀለም ቢቀቡበትም የድሮው ስም ጥላ ከሥር ይታያል። የሕይወት ማዳኛ ቀለበቶቹና ጀልባዎቹ ሁሉ ላይ ስምና ወደብ ስላለ እነሱም እንደገና ይጻፋሉ። ባንዲራም አብሮ ከተቀየረ የሬዲዮ ጥሪ ምልክቷና ኤምኤምኤስአይ የሚባለው 9 አሃዝ ቁጥሯም ይለወጣሉ። የዚህ ቁጥር የመጀመሪያ ሦስት አሃዞች አገሩን ይናገራሉ፤ የኢትዮጵያ 624፣ የማርሻል አይላንድስ 538 ነው። በዚህ ጊዜ የአደጋ ምልክት ማስተላለፊያው እንደገና መስተካከል አለበት። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ አደጋ ቢደርስ ፈላጊዎቹ የሌላ መርከብ መረጃ ይዘው ይወጣሉ። ስለዚህ ኤጀንሲውን ሲጠይቁ ስሟ ብቻ ነው የተቀየረው ወይስ ባንዲራዋም ጭምር ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ከሆነ የልጅዎ የሥራ ውል በየትኛው አገር ሕግ እንደሚመራም ይነካል።

ይህ ሁሉ የስም፣ የባንዲራና የባለቤት ለውጥ የሚጻፍበት ሰነድ መርከቧ ላይ አለ። ተከታታይ የታሪክ መዝገብ ነው፤ ባሕረኞች በምህጻሩ ሲኤስአር ይሉታል። ከ2004 ወዲህ መርከቧ ይዛው እንድትሄድ ትገደዳለች። አዲስ ስም ሲሰጣት አዲስ ገጽ ይጨመርበታል እንጂ የድሮው አይቀደድም።

ወደ ክላስ እንምጣ። ልጅዎ ወረቀት ላይ ሁለት የተለያየ ነገር ነው ያለው፤ ዲኤንቪ አንድ ነው፣ አፍራማክስ ሌላ ነው። በዜና የሚሰሙት «ኒሚትዝ ክላስ» (የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከቦች መጠሪያ) ደግሞ ሦስተኛ ነው። ለእርስዎ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነው። በእሱ ላይ ልቆይ።

ዲኤንቪ የክላስ ማኅበር ነው። ሥራው የመርከቧን አካልና ሞተር መመርመር፣ ደንቡን አሟልታለች ብሎ ማረጋገጥ ነው። የዚህ ሥራ መነሻ ቡና ቤት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው ለንደን ውስጥ ቡና ቤት ከፈተ። ነጋዴዎች፣ ካፒቴኖችና ኢንሹራንስ ሰጪዎች ይሰበሰቡበት ነበር። ለመርከብ ዋስ የሚሆን ሰው መርከቧ ጤነኛ መሆኗን ማወቅ ይፈልጋል። እሱ ግን ሄዶ ሊያያት አይችልም። በ1760 ደንበኞቹ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የመርከቦች መዝገብ ታተመ። ለመርከቧ አካል በኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ ፊደላት ማዕረግ ሰጡ፤ ኤ ምርጧ ነበረች። ለዕቃዋ ደግሞ ደህና፣ መካከለኛ፣ መጥፎ ብለው ጻፉ። ከኢትዮጵያ የተነሳው ቡና በሎይድ ቤት የመርከብ ክላስ መወለጃ መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል። የዛሬው ሎይድስ ሬጅስተር ከዚያ የመጣ ነው። ከእሱ ቀጥሎ በ1828 ቢሮ ቬሪታስ፣ በ1862 የአሜሪካው ኤቢኤስ፣ በ1864 የኖርዌዩ ዲኤንቪ፣ በ1899 የጃፓኑ ኤንኬ ተቋቋሙ።

ዋና ዋናዎቹ ማኅበራት በ1968 በተመሠረተው አይኤሲኤስ በሚባል ኅብረት ውስጥ ናቸው። ከዓለም የጭነት መርከብ ቶን ከ90 በመቶ በላይ በእነሱ ክላስ ሥር ነው። ዲኤንቪ ከእነሱ አንዱ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅበር የታወቀና የተከበረ ነው። መርከቧ በየዓመቱ ትመረመራለች። በየአምስት ዓመቱ ደግሞ ከባድ ምርመራ አለ፤ ከውኃ ትወጣለች፣ የብረቷ ውፍረት ይለካል፣ ታንኮቿ ውስጥ ይገባል። ከክላስ ከወጣች ኢንሹራንሷ ችግር ውስጥ ይገባል። ጭነት የሚሰጣትም አይገኝም።

ማኅበሩ ለመርከቧ የሚሰጣት ምልክት ረጅም ሆኖ ይጻፋል። ለማያውቅ ሰው የቁልፍ ቃል ይመስላል፤ ለሚያውቅ ግን የመርከቧ ሕይወት እዚያ አለ። በዲኤንቪ 1ኤ የሚለው የዋና ክላስ ምልክት ነው፤ በሎይድስ ሬጅስተር 100ኤ1 ይባላል። ኢኤስፒ የሚል ካለ ለነዳጅ ጫኞችና ለጅምላ ጫኞች የተደነገገው ጥብቅ ምርመራ ይደረግባታል ማለት ነው። ልጅዎ በተለይ እንዲፈልገው የምመክረው ኢ-ዜሮ የሚለውን ነው። ይህ ምልክት ካለ የሞተር ክፍሏ ለተወሰነ ሰዓት ሰው ሳይኖርበት መሥራት እንዲችል ሆኖ ተገንብቷል። ቀን በሙሉ ይሠራሉ፣ ማታ ተረኛው መሐንዲስ ካቢኑ ውስጥ ይተኛል፤ ማንቂያ ሲጮህ ይወርዳል። ምልክቱ ከሌለ ቀንና ሌሊት በአራት አራት ሰዓት ፈረቃ ሞተሩ ሥር ይቆማሉ። ለተለማማጅ ሁለቱ በጣም የተለያየ ኑሮ ነው። የትኛው እንደሚጠብቀው አውቆ ቢሄድ ይጠቅመዋል።

ክላስ ሁሉን ነገር ያድናል እያልኩ እንዳልሆነ ይረዱልኝ። ኤሪካ የምትባል ነዳጅ ጫኝ ነበረች፤ በ1975 ጃፓን የተሠራች፣ በማልታ ባንዲራ የምትሄድ። ስሟን ደጋግማ ቀይራለች፤ የክላስ ማኅበርም ቀያይራለች፤ መጨረሻ ላይ በጣሊያኑ ሪና ሥር ነበረች። በታኅሣሥ 1999፣ 31 ሺህ ቶን ያህል ከባድ ነዳጅ ጭና ከፈረንሳይ ብሪታኒ ጠረፍ ወዲያ ለሁለት ተሰበረች። 26ቱም ሠራተኞች ተረፉ። ነዳጁ ግን ወደ 20 ሺህ ቶን የሚሆነው ፈስሶ የባሕሩን ጠረፍ አጠቆረው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲዞር ቆይቶ በ2012 የፈረንሳይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የክላስ ማኅበሩን ኃላፊነት ጭምር አጸና። ይህን የምነግርዎ በስም መቀየር ያልደነገጠ ሰው ማኅበር መቀያየር ላይ ቆም ብሎ እንዲያይ ነው። አሮጊት መርከብ በጥቂት ዓመት ውስጥ ስምም ባንዲራም ክላስም ስትቀያይር ካዩ፣ ከአንዱ መርማሪ ሸሽታ ወደ ሌላው እየሄደች ሊሆን ይችላል።

አፍራማክስ የሚለው መጠኗን ብቻ ነው የሚናገረው። ስሙ አፍሪካን ይመስላል፤ ግንኙነት ግን የለውም። ሼል በ1950ዎቹ የጀመረው አማካይ የጭነት ዋጋ ስሌት ነበር፤ ስሙ ከዚያ ምህጻር የመጣ ነው። ዛሬ ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ቶን የሚጭኑ ታንከሮች በዚህ ይጠራሉ። ከእነሱ የሚበልጡትና ተጭነው በሱዌዝ ማለፍ የሚችሉት ሱዌዝማክስ ናቸው። ፓናማክስ የድሮውን የፓናማ ካናል በር የሚያልፉት ናቸው፤ በሩ 32 ሜትር ከጥቂት ሳንቲም ስፋት ብቻ ይፈቅድ ነበር። በ2016 ሰፊው በር ሲከፈት ኒዮፓናማክስ የሚል አዲስ መጠሪያ መጣ። ከ200 ሺህ ቶን የሚያልፉት ግዙፍ ነዳጅ ጫኞች ቪኤልሲሲ ይባላሉ። በንጽጽር፣ ሐረርና አሶሳን የመሰሉት የእኛ መርከቦች የእያንዳንዳቸው አቅም 28 ሺህ ቶን ያህል ነው። ልጅዎ የሚሄድባት የእነሱን ሦስት አራት እጥፍ ትጭናለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይወቁ፤ ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓይነት ቶን ሊያዩ ይችላሉ። ዴድዌይት ቶን መርከቧ የምትሸከመው ክብደት ነው፤ ጭነቱ፣ ነዳጇ፣ ውኃዋና ስንቋ ሁሉ። ግሮስ ቶን ደግሞ ክብደት አይደለም፤ የውስጥ ስፋቷ ስሌት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ስለማይገጥሙ ሰነዱ ተጭበርብሯል ብለው እንዳይጠረጥሩ።

የጦር መርከብ ክላስ ደግሞ በአንድ ንድፍ የተሠሩ እህትማማቾች መጠሪያ ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዋ ስም ለሁሉም ይሰጣል። ኒሚትዝ መጀመሪያ ስለተሠራች ተከታዮቿም ኒሚትዝ ክላስ ተባሉ፤ በጠቅላላው 10 ናቸው። ምጽዋን የሚያስታውሱ ከሆነ ደግሞ ቅርብ ምሳሌ አለን። የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። መጀመሪያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች፤ በ1944 ዓለም በጦርነት ላይ ሳለ «ኦርካ» በሚል ስም ሥራ ጀመረች። ሥራዋ በውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ማገልገል ነበር። የባርነጋት ክላስ አባል ናት፤ የዚህ ዓይነቶቹ መርከቦች በባሕር ወሽመጥ ስም ይጠሩ ስለነበር ኦርካም በአላስካ ካለ ወሽመጥ የተወሰደ ነው። በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች። ኦርካ የሚለው ስም ወርዶ ኢትዮጵያ ተጻፈባት፣ የጎን ቁጥሯም ኤ-01 ሆነ። ብዙ የባሕር መኮንኖች የሠለጠኑት በእሷ ላይ ነው። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለብረት ተሸጠች። አገሯ፣ ስሟና ሥራዋ ተለውጦም ክላሷ ባርነጋት እንደሆነ ነበር፤ ንድፍ በወረቀት አይለወጥምና።

አሁን ወደ ልጅዎ ጉዳይ። የሚፈሩት ነገር በባሕር ላይ የለም አልልዎትም። ባለፉት ዓመታት ከማዕቀብ ለማምለጥ ስምና ባንዲራ የሚቀያይሩ ነዳጅ ጫኞች በዝተዋል። አንዳንዶቹ በሐሰት ባንዲራ ይሄዳሉ። ከተቆራረጡ መርከቦች ላይ አይኤምኦ ቁጥር ወስደው የሚጠቀሙም ተገኝተዋል። ሒሳቡ መግጠሙ ብቻ አይበቃም ያልኩት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ መርከብ ላይ የተሳፈረ ባሕረኛ ኢንሹራንስ ላይኖረው፣ ደመወዝ ላያገኝ፣ ወደብ ላይ ሊተው ይችላል።

ስለዚህ ቁጥሩን ይያዙና በስሟ ሳይሆን በቁጥሯ ይፈልጓት። ኢኳሲስ የሚባል ነፃ የመረጃ ቋት አለ፤ ተመዝግበው ይገባሉ። ቁጥሩን ሲያስገቡ የአሁኑን ስም፣ የቀድሞ ስሞቿን፣ ባንዲራዋን፣ ባለቤቷን፣ ክላሷን፣ የተሠራችበትን ዓመት ያሳያል። በየወደቡ ተመርምራ ስንት ጉድለት እንደተገኘባት፣ ተይዛም ታውቅ እንደሆነ ይነግርዎታል። አይኤምኦም ጊሲስ የሚል የራሱ ቋት አለው። ዲኤንቪ ደግሞ የመርከቦቹን መዝገብ ለሕዝብ ከፍቷል፤ እዚያ በቁጥሯ ከተገኘች እና ክላሷ ያልታገደ ከሆነ ትልቅ ማረጋገጫ ነው። በካርታ ላይ የመርከብን ጉዞ የሚያሳዩት ድረ ገጾች አዲሱን ስም ዘግይተው ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ስሙን መሣሪያው ላይ የሚያስገባው የመርከቧ ሰው ነውና። እዚያ የድሮውን ስም ቢያዩ አይረበሹ።

ኤጀንሲው ከሰነዶቹ የምዝገባ ሰርተፊኬቱን ቅጂ እንዲልክ ልጅዎ ይጠይቅ፤ አዲሱ ስም ያለበትን። ውሉም በአዲሱ ስም ይታረም፤ ወይም ስሙ መቀየሩን የሚገልጽ ገጽ ይጨመርበት። የድሮው ስም ያለበት ውል ይዞ እንዳይሳፈር። ከዚህ ባሻገር ለሥራ ማስቀጠሪያ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ይህ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። በባሕረኞች የሥራ ስምምነት መሠረት ባሕረኛው ሊከፍል የሚችለው ለጤና ሰርተፊኬቱ፣ ለባሕረኛ መታወቂያ ደብተሩና ለፓስፖርቱ ብቻ ነው፤ ቪዛው እንኳ የመርከቡ ባለቤት ወጪ ነው። ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑን የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ዘንድ ሄዶ ማጣራትም ያዋጣል።

ቁጥሩ ከገጠመ፣ የቀድሞ ስሟ ወረቀቱ ላይ ከነበረው ጋር አንድ ከሆነ፣ ክላሷ ሥራ ላይ ካለ፣ ልጅዎ ሻንጣውን ያዘጋጅ። መርከቧ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ መሰላሉን ከመውጣቱ በፊት ኋላዋን ይመልከት። እዚያ የተቀረጸው ቁጥር ከውሉ ጋር ካልገጠመ ሳይሳፈር ለእርስዎና ለኤጀንሲው ይደውል፤ ያንን ቁጥር ፎቶ አንስቶም ይላክልዎ።